የዘሃራ ሦስት ዓምድ

ሐረጎ ጠመዝማዛው፣ ከአስፋልቱ በላይ፣
ኮምቦልቻ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ከታች ስትታይ፣
ድንጋይ ፈላጭ ነኝ እኔ። ሃያ ስድስት ዓመቴ፤
በዚህ መዶሻ ላይ አለቀ ጉልበቴ።
ልጄ ዘሃራ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤
ምሳ ይዛልኝ መጣች፣ ፈተና ደርሶባት።
ከጠረብኩት ክምር ላይ ቁጭ ብላ ታነባለች፣
ደብተሯን በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፍላለች፦

ንቁ።
ያንቀላፋ።
የሞተ።

«እሳተ ገሞራ ማለት፣» ትለኛለች፣ «አባ፣
የቀለጠ ዓለት ነው፣ ጋዝ ሟሙቶ የገባ፤
ከከበበው ድንጋይ ስለሚቀል ክብደቱ
ሽቅብ ይሳባል ቀስ እያለ፣ በሺህ ዓመቱ።
የላዩ ጫና ሲሳሳ ጋዙ አረፋ ይነሳል፤
አምቦ ውሃ ነው፤ ነቅንቀው ከከፈቱት ጣራ ይደርሳል።
ቀጭኑ እንደ ዘይት ነው፣ ወርዶ ይተኛል ሜዳ፤
ወፍራሙ ጋዙን አንቆ፣ አንቆ… ሲለቀው ነው ፍዳ።»

ሳቅኩባት። አንድ ጥርብ ከክምሩ አወጣሁ፣
ቀዳዳ ቀዳዳውን በጣቴ ነካካሁ፦
ጉድጓዶች ናቸው፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህሉ፣
ግማሹ ባዶ፣ ግማሹ ነጭ ጠጠር የሞሉ።
«ያልሽው ጋዝ ይኸውልሽ፤ ሲወጣ የቀረ ቤቱ።
እኛ ‹ትንፋሽ› እንለዋለን፣ ጥንቱን ከጥንቱ።
ትንፋሽ የበዛበት ይፈርሳል፣ ለመሠረት አይሆንም፤
ለአጥር እንሸጠዋለን፣ ለደንበኛው አንናገርም።»

ወደ ደሴ በኩል ቀና አለች።
መጽሐፉ እንደሚለው ጦሳ ጫፉ ላይ አፍ የለው፣
ምድር ተሰንጥቃ ነው በየስንጥቋ የፈሰሰው፣
አንዱ ባንዱ ላይ ሲደርብ፣ እንደ ደራሽ ጎርፍ ደለል፣
ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት። (እኔ ሃያ ስድስቴን ስል!)
«ስለዚህ ሞቷል፣» አለች፤ እርሳሷን ምላሷ ላይ አርሳ
በሦስተኛው ዓምድ ሥር ጻፈች፦ ጦሳ።

«መሞቱን ማን አየ?» አልኳት፤ «ማን ገነዘ? ማን ቀበረ?
ሰው የመዘገበው ‹ንቁ› ከሆነ፣ ሰው ሳይኖርስ ማን ነበረ?
ያንቀላፋውንስ እንቅልፉን በምን አወቁት?»
«ይለካሉ። መሬቱ ሲያብጥ፣ ሲንቀጠቀጥ በሌት፣
የጢሱን ዓይነት፣ የውሃውን ሙቀት።»

ይሄኔ ነው ይማም፣ የእህቴ ልጅ፣ ተሳቢውን
ዳር አስይዞ የወረደ፣ ሊያራግፍ ሸራውን።
ከአፍዴራ ነው የመጣው፣ በባቲ አርጎ፣ ጨው ጭኖ፣
ሸራው ላይ ግራጫ አመድ፣ እንደ ዱቄት ሆኖ።
«ተራራ ተነሥቶብን፣» አለ። «የትኛው?» አለች ዘሃራ።
«ስሙን እንጃ፤ ሽማግሌዎቹም አልሰሙም ሲወራ።
ሞቷል ብለን፣ በጥላው ሥር
ስንቴ ጎማ ቀይረናል
መሰለሽ።»

ዘሃራ ቆነጠረች። በጥርሷ ሞከረችው።
«ዱቄት አይደለም አባ፤ የደቀቀ መስታወት ነው።»
ላጲሷን አነሣች። ጦሳን ልታጠፋ ነው ብዬ ሳይ፣
አላጠፋችም፤ የጥያቄ ምልክት አኖረች ራሱ ላይ።
«ፈተና ላይ ግን፣» አለች፣ «‹የሞተ› ነው የምጽፈው፤
ቲቸር አስካለ የሚያርሙት በመጽሐፉ ነው።»

መኪናው ማርሽ ቀየረ፤ እያቃሰተ ወጣ ወደ ደሴ።
እኔም መዶሻዬን አነሣሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ለራሴ።
መታሁት። ዓለቱ እንደ ልማዱ፣ ለሁለት ሲከፈል፣
ክብሪት ክብሪት ሸተተ፤ ብልጭ አለ እሳት መሰል።
«ነይ አሽትቺው፣» አልኳት፣ «ቶሎ፣ ሳይወስደው ነፋስ፤
የቱ ዓምድ ውስጥ ነው ይሄስ?»